ከመነሳት በኋላ አንድ ሞተር ሲጠፋ፦ እግር ይቅደም፣ እጅ ይዘግይ

ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሲጠፋበት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። የመውጣት አቅሙ ግን በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ያጣል። አውሮፕላን ከፍታ የሚጨምረው አየር ላይ ለመቆየት ከሚያስፈልገው አልፎ በተረፈው ኃይል ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚያልቀው ያ ትርፍ ነው። እንደ ቢችክራፍት 1900ዲ ላሉት ባለ19 መቀመጫ የኮሙተር (የአጭር ጉዞ) አውሮፕላኖች የተጻፈው ደንብ 400 ጫማ ላይ በአንድ ሞተር የሚጠይቀው የ2 በመቶ አቀበት ብቻ ነው። በ100 ኖት (በሰዓት 100 የባሕር ማይል) ሲበር ይህ በደቂቃ 200 ጫማ ገደማ ነው። ከ35 ጫማ ተነስቶ 400 ጫማ ለመድረስ 3 የባሕር ማይል ያህል ይፈጃል። ይህን ሒሳብ ያልያዘ አብራሪ መሬቱ ሲቀርበው አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል፤ ፍጥነቱም ያልቃል።

ቦሌ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። ማኮብኮቢያው 7,625 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ቀኑ 24 ዲግሪ ሲደርስ አውሮፕላኑ አየሩን የሚያውቀው ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳለ አድርጎ ነው። በሙቀት ጊዜ ሞተሩ ቶርኩ (ፕሮፔለሩን የሚያዞርበት ጉልበት) ከመሙላቱ በፊት የሙቀት ገደቡ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሥራዬ የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ የመነሻ አቅም ሠንጠረዥ ነው፦ ሙቀት፣ ግፊት፣ ነፋስ፣ ክብደት። ሠንጠረዡ 200 ኪሎ ይውረድ ካለ ይወርዳል፤ ከመንገደኛም ከጭነት ክፍልም ምንም ቢባል አልደራደርም። ለአንድ ሞተር የሚሆነውን መንገድም አስቀድሜ እወስናለሁ። በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ከ3,000 ሜትር በላይ ቆመዋል፤ በሁለት ሞተር የተለመደው መታጠፊያ በአንድ ሞተር ላያሻግር ይችላል።

ከመነሳታችን በፊት ከረዳት አብራሪው ጋር የምንባባለው አጭር ነው፦ ከቪ ዋን (መነሳቱን ማቋረጥ ከሚቻልበት የመጨረሻ ፍጥነት) በፊት ማንኛውም ጉዳት ከታየ እናቆማለን፤ ከቪ ዋን በኋላ እንበራለን፤ እስከ 400 ጫማ ማንም ሌቨር (የሞተር መቆጣጠሪያ ዘንግ) አይነካም። ቪ ዋን ሲባል እጄን ከፓወር ሌቨሮቹ ላይ አነሳለሁ። እጅ እዚያ ከቆየ በድንጋጤ ወደ ኋላ ይስባልና።

ሞተሩ ሲጠፋ አፍንጫው ወደ ሞተው ሞተር ይዞራል፣ ክንፉም በዚያው ወገን ይወርዳል። መልሱ እግር ነው፤ በሚሠራው ሞተር ወገን ያለውን ራደር ፔዳል (የጅራቱን መሪ የሚያንቀሳቅሰውን መርገጫ) አፍንጫው መዞሩን እስኪያቆም እረግጣለሁ። ከዚያ ወደ ደህናው ሞተር እስከ 5 ዲግሪ አዘነብላለሁ፤ የጎን መንሸራተትን የምታሳየው የመለኪያዋ ኳስም በግማሽ ያህል ወደዚያው ትሸሻለች። ኳሷን መሐል ላይ ለማድረግ መታገል የተለመደ ስህተት ነው፤ አየሩ ከጎን ስለሚመታ ጎታችነቱ ይጨምራል። ፒቲ 6 የተባለው የተርቦፕሮፕ ሞተር የተገጠመላቸው አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ሁለቱም ፕሮፔለሮቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የግራው መጥፋት ከቀኙ የከፋ ነው።

እግሬ ሥራውን ሲይዝ አፍንጫውን በሁለት ሞተር ከምወጣበት ዝቅ አድርጌ ቪ ቱን (በአንድ ሞተር በደህና የሚወጣበትን ፍጥነት) እይዛለሁ። «ፖዘቲቭ ሬት» (ከፍታ እየጨመረ ነው) ሲባል ጎማ ይነሳል። ቀጥሎ የማየው ፕሮፔለሩን ነው። ፌዘር ያልሆነ (ምላጩ ጠርዙን ወደ ነፋሱ ያላዞረ) ፕሮፔለር በነፋስ እየተሽከረከረ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያቺን 2 በመቶ ብቻውን ይበላታል። በፒቲ 6 ላይ ፕሮፔለሩን ከፌዘር የሚያርቀው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ስፕሪንጉና ክብደቶቹ ምላጩን ወደ ፌዘር ይወስዱታል። አውቶፌዘር የተባለው ሥርዓት በራሱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን አለ፦ በቢችክራፍት ኪንግ ኤርና በ1900 ቤተሰብ አውቶፌዘሩ ዝግጁ የሚሆነው ሁለቱም ፓወር ሌቨሮች ወደ ፊት ተገፍተው ሲቆዩ ነው። የሞተውን ሞተር ሌቨር ቶሎ ወደ ኋላ የሳበ አብራሪ ሊያድነው የነበረውን ሥርዓት በገዛ እጁ ያጠፋዋል። እጅ ይዘግይ የምለው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

400 ጫማ ላይ መለየት ይጀምራል። ሥራ የፈታው እግር የጠፋውን ሞተር ያሳያል፤ ቶርክና የሙቀት መለኪያው ያረጋግጣሉ። እጄን ሌቨሩ ላይ አድርጌ «ቁጥር ሁለት» (የቀኙ ሞተር) እላለሁ፤ ረዳቱ መለኪያውንም እጄንም አይቶ «ትክክል፣ ቁጥር ሁለት» ሳይል አላንቀሳቅስም። ፓወር ሌቨሩ በዝግታ ወደ ኋላ፣ ፕሮፔለሩ ፌዘር፣ ነዳጁ መዝጊያ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ይህ መተያየት ይደገማል። እሳት ቢኖር እንኳ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ይበረራል።

ይህ ማረጋገጫ ለይስሙላ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ደርባን ላይ የአንድ ጄትስትሪም 41 ቀኝ ሞተር ከመነሳት በኋላ ሲበላሽ አብራሪዎቹ የዘጉት ግራውን ነበር፤ መንገደኛ አልያዘም፣ ዋናው አብራሪ ግን በኋላ ሕይወቱ አለፈ። በ2015 እ.ኤ.አ. ታይፔ ላይ በኤቲአር 72 የሆነው የባሰ ነው። የቁጥር ሁለት ፕሮፔለር በተበላሸ የአውቶፌዘር ክፍል ምክንያት ራሱ ፌዘር ሆነ፤ ዋናው አብራሪ ግን የቁጥር አንድን ኃይል ቀነሰ፣ ከዚያም ዘጋው። ከ58 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። በሁለቱም ጊዜ ሊያበር የሚችል ሞተር ነበር።

ልምምዱ ሲሙሌተር ላይ ይሁን። በእውነተኛ አውሮፕላን፣ ዝቅ ብሎ፣ ሞተር እየቀነሱ ማለማመድ አሰልጣኝና ሰልጣኝ ገድሏል።

ፍጥነት ሲገኝ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ይነሳል፣ ቼክሊስቱ ይነበባል፣ የአደጋ ጥሪው «ሜይዴይ» ይባላል። መታጠፊያው ከ15 ዲግሪ አይበልጥም። ሲመለሱ ሙሉ ፍላፕ የሚወርደው ማኮብኮቢያው ላይ መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ በአንድ ሞተር ዝቅ ብሎ ዳግም መውጣት አስተማማኝ አይደለምና። ራደር ትሪሙን (እግርን የሚያግዘውን ማስተካከያ) ኃይል ከመቀነሴ በፊት ወደ ዜሮ እመልሳለሁ፤ አለበለዚያ ሌቨሩ ሲዘጋ አፍንጫውን ወደ ጎን ይወስዳል። ሪቨርስ (ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ እንዲጎትት ማድረግ) ካስፈለገም በጥቂት በጥቂቱ፤ አንዱ ብቻ ስለሚጎትት አውሮፕላኑን ወደሚሠራው ሞተር ወገን ያዞረዋል።