ግራ የገባኝ ሳምንት

ሜሪላንድ ውስጥ 11 ዓመት ነድቻለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ። ሁለቱም ጋ የሚነዳው በቀኝ ነው። ለንደን ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ስሄድ መኪና ተከራየሁና 6 ቀን በግራ ነዳሁ። ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መኪናውን የወሰድኩት በደረስኩ ማግስት ነው። የሌሊት በረራ ላይ ሳይተኙ አድሮ በማያውቁት መንገድ መንዳት አይሆንም። አውቶማቲክ ቀድሜ ይዤ ነበር። ማንዋሉ ረከስ ይላል፤ ግን በግራ እጅ ማርሽ መቀየርንና በግራ መንዳትን አንድ ላይ መማር ለኔ በዛብኝ።

የመጀመሪያው ቀን በሳቅ ተጀመረ። በር ከፍቼ ገባሁ፤ መሪ የለም። ጋቢና ነው። እህቴ ውጪ ቆማ "እኔ ነኝ እንዴ የምነዳው?" አለችኝ።

ፔዳሎቹ እንደለመድነው ናቸው። ያስቸገረኝ የመኪናው ስፋት ነው። ወትሮ የመኪናው አካል በቀኜ ነው፤ አሁን በግራዬ ሆነ። ሳላውቀው ወደ ግራ እየተጠጋሁ፣ እህቴ "ጠርዙን! ጠርዙን!" ስትል ዋለች። የግራ የፊት ቸርኬዬ የተጫረው ያን ቀን ነው። በኋላ አንድ ነገር ያዝኩ፦ እዚያም እዚህም ሾፌር የሚቀመጠው በመንገዱ መሃል በኩል ነው። እኔ ወደ መሃሉ መስመር ከቀረብኩ መኪናው ቦታውን ይይዛል።

አደባባዩ የፈራሁትን ያህል አልሆነም። ስድስት ኪሎን የዞረ ሰው አደባባይ አይፈራም፤ አዟዟሩ ብቻ ተገልብጧል። የሚዞሩት ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ደግሞ ከቀኝ ለሚመጣው። አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ ክብ ካያችሁም አደባባይ ናት። አሜሪካ ያላችሁ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ መታጠፍ እዚያ የለም። ግራም ቢሆን አረንጓዴ ይጠበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የተሳሳትኩት መኪና በበዛበት መንገድ ላይ አይደለም። መኪና ሲኖር የፊተኛውን ተከትሎ መሄድ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ መሸት ሲል፣ ከነዳጅ ማደያ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። እጄ እንደለመደው ቀኙን ይዞ ሄደ። ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ እያወራሁ ነበር። ከፊቴ የመኪና መብራት ብቅ ሲል ነው የነቃሁት። ሰውየው ቀድሞ ቆመ፣ እኔም ወደ ግራ አወጣሁት። እህቴ አልጮኸችም፤ ቤት እስክንደርስ ዝም አለች። ያ ነው የከበደኝ። ጠዋት ስነሳ መሪው ላይ "ግራ" የሚል ወረቀት ለጥፋልኝ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ከማደያ፣ ከፓርኪንግ፣ ከጠባብ መንገድ ስወጣ ድምፄን አውጥቼ "ግራ" ሳልል ፍሬን አልለቅም።

ማደያውን ካነሳሁ አይቀር፦ እዚያ አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። አሜሪካ ብዙ ቦታ አረንጓዴው ናፍጣ ስለሆነ ጽሑፉን አንብቡ።

በአራተኛው ቀን ካንተርበሪ ሄድን። ዳርትፎርድ ላይ ቴምዝን በድልድይ ስትሻገሩ ክፍያ አለ፤ ግን የሚያስቆም ሰው የለም፣ ካሜራ ብቻ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለፈ ሰው እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በኢንተርኔት መክፈል አለበት። እኔ እዚያው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከፈልኩ። የመክፈያው ጊዜ ካለፈባችሁ ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ይመጣል፤ አከራዩም የራሱን ይጨምርበታል።

መኪናውን ስመልስ ቸርኬውን አስከፈሉኝ። ውሉን ሳነበው ለካ ኢንሹራንሱ ጎማና መስታወት አይነካም። ተቀባዩ የኋላው ፓራውልት ላይም ጭረት አሳየኝ። ስወስደው ዙሪያውን የቀረጽኩትን ቪዲዮ ከፈትኩለት፤ ጭረቱ እዚያው አለ። ሰረዘው። ቪዲዮውን እስካሁን አላጠፋሁትም፤ የካርዴ ቁጥር እነሱ ጋ ነው።