ተርሂል (ከሳዑዲ ተይዞ መባረር) ሳይደርስ ጅማ መቅረት ያለበት ወረቀት

ሳዑዲ ዓረቢያ አፈሳውን ባጠበቀች ቁጥር ጅማ ላይ ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሣል። አንዱ «ይጥበቅ፤ ልጆቻችን የመን በረሃ ላይ ማለቃቸው ይብቃ» ይላል። ሌላው «የሚታፈሰው ድሃው ነው፤ ደላላው እዚሁ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ይመዘግባል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ከሚጠረዙት መካከል ከሰቃ፣ ከቀርሳም ሆነ ከአጋሮ ተነሥተው፣ ፓስፖርትና ውል ይዘው፣ በቦሌ የወጡ እንዳሉ ሁለቱም ወገኖች ይዘነጋሉ። እነዚህ ሲሄዱ ሕጋዊ ነበሩ። ሕገ ወጥ የተባሉት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ያደረጋቸውም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እንዴት እንደሆነ ቤተሰብ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያወጣውም የሚያሳድሰውም «ከፊል» የሚባለው አሠሪዋ ነው። ሠራተኛዋ ከገባች በ90 ቀን ውስጥ ማውጣት ይጠበቅበታል። ካላወጣ ወይም ሳያሳድስ ከቀረ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ መንገድ ላይ የምትያዘው ግን እሷ ናት። ሁለተኛው መንገድ ሁሩብ ነው። ከፊሉ «ከሥራ ጠፍታለች» ብሎ በስልኩ ያስመዘግባል፤ ጉዳዩ ቢሮ መሄድ እንኳ አይጠይቅም። ተደብድባ የወጣችውም፣ የወራት ደመወዝ ተከልክላ የወጣችውም፣ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ የወጣችውም መዝገቡ ላይ ስማቸው አንድ ነው፦ ጠፊ። አፈሳ ሲመጣ ይህን የሚለይ የለም። ለዚህ ነው «ሕግ ማስከበር» የሚለው ቃል ብቻውን የማያሳምነን። አንድ ግለሰብ ቤቱ ተቀምጦ ሌላውን ሰው ሕገ ወጥ ማድረግ በሚችልበት አሠራር፣ ቁጥጥሩ በጠበቀ ቁጥር የሚጠነክረው የከፊሉ እጅ ነው።

ስለዚህ የቀደመው የማን ወረቀት ነው የሚለው ብዙ ይወስናል። አቤቱታዋ ከሁሩቡ በፊት ከተመዘገበ፣ ሁሩቡ በቂም የተደረገ መሆኑን ለማስረዳት መነሻ አላት። ሁሩቡ ከቀደመ ግን የምትናገረው ሁሉ የሸሸ ሰው ሰበብ ይመስላል። ልጅቱ ጭንቋን ስትናገር «ቻይው» ወይም «ውጪ» ከማለት በፊት፣ ሪያድ ያለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ያለው ቆንስላ መደወሏን፣ በ19911 ለሳዑዲ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር አቤት ማለቷን ጠይቋት። የአቤቱታውን ቁጥር ለቤተሰብ ትላክ። አንድ የሚያሰናክል ነገር አለ፦ ሲም ካርዱ በከፊሉ ስም ከሆነ የማረጋገጫው ኮድ የሚሄደው ወደ እሱ ስለሆነ የራሷን አብሽር (የሳዑዲ መንግሥት የስልክ አገልግሎት) መክፈት አትችልም። ኢቃማው እጇ እንደገባ በስሟ ሲም ታውጣ።

ኹሩጅና ተርሂልም ተምታተው ይነገራሉ። ኹሩጅ በከፊሉ ፈቃድ የሚሰጥ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ በዚያ የወጣች ሌላ ጊዜ በሕጋዊ ቪዛ መመለስ ትችላለች። በተርሂል የወጣች ግን አሻራዋ ይያዝና በሥራ ቪዛ መመለስ ይዘጋባታል። የአገር ናፍቆት ሲበረታ «እጄን ልስጥና በነፃ ልሳፈር» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የዋጋውን ልክ የሚነግራቸው የለም። የምሕረት ጊዜ ሲታወጅ ነገሩ ይለያል፤ በ2009 ዓ.ም. የተሰጠው የ90 ቀን ምሕረት በፈቃዳቸው ለወጡት ይህን የአሻራ እገዳ አንሥቶ ነበር። እዚህ «ስም ቀይረን፣ አዲስ ፓስፖርት አውጥተን እንመልሳታለን» የሚል ደላላ ገንዘብ ለመብላት ነው የመጣው። ስሟ ቢቀየር ጣቷ አይቀየርም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አሻራዋ ሲነበብ ትመለሳለች፣ ቡና ሳይደርስ የተበደሩት ብር ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ልጅቱ ከጅማ ከመነሣቷ በፊት የውሉ ቅጂ፣ የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ፣ የቪዛው ገጽ፣ የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ቁጥር ቤት ይቅር። ስትደርስ የኢቃማውን ፎቶ ትላክ፤ ቁጥሩ በ2 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ነው። ኢቃማ ካልወጣላት ስትገባ ድንበር ላይ የተሰጣትን የሑዱድ ቁጥር ትላክ። ስትታሰር ስልኳ ከእጇ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቆንስላው እንዲፈልጋት የምታደርጉት በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ስሟንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ከነአያት ስጡ። በቤት ስሟ የተፈለገች ልጅ ዝርዝር ውስጥ እያለች «የለችም» ልትባል ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ውክልና ነው። እስር ቤት ሆና መስጠት እጅግ ይከብዳታል፤ ስለዚህ ከመሄዷ በፊት እዚሁ ትስጥ። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ ተጽፎ ከመጣ አይበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ክስ ለማቅረብና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ኤጀንሲውን ለመክሰስ፣ ለመታረቅ፣ ደመወዝና ካሣ ለመቀበል» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ተወካዩም አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ይሁን። ጎረቤት ወይም የሠፈር ሽማግሌ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ጠበቃ ካልሆነ ፍርድ ቤት ቆሞ ስለ እሷ ሊከራከር አይችልም።

ይህ ለምን አስፈለገ? በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። ከፊሉን ጅዳ ሄዶ የሚከስ የጅማ ቤተሰብ የለም፤ አዲስ አበባ ያለውን ኤጀንሲ ግን መጠየቅ ይቻላል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪም በዚሁ አዋጅ የአሠሪው ነው። ለቪዛ ወይም ለትኬት ከቤተሰብ ብር ከተወሰደ ያለ አግባብ የተወሰደ ነው፤ ደረሰኝ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ሒሳብ እንደተቀበለ ጻፉ። በደላላ በኩል የተከፈለ ከሆነ ይህን ማስረዳት ይከብዳል፤ ደላላው ውሉ ላይ ስሙ የለም።

በጅቡቲዋ ኦቦክና በየመን አድርገው በእግርና በጀልባ ለሚሄዱት ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ውል የላቸውም፣ የሚከሰስ ኤጀንሲም የለም። ድንበሩ ላይ የሚጠብቃቸውም እስር ብቻ አይደለም፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ አስፍሯል። «ይጥበቅ» የሚለው ወገን ይህንንም ጨምሮ ማየት አለበት። ሲያዙ የውሸት ስም የሚሰጡም አሉ፤ ሊሴ ፓሴው (በፓስፖርት ፋንታ የሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት) በዚያ ስም ይወጣና ቤተሰብ ማንን እንደሚፈልግ ያጣል።

አፈሳ ሲበዛ ደግሞ «ልጅሽ ተርሂል ናት፣ ይህን ያህል ላኪ ትፈታለች» የሚል ስልክ ይበዛል። አትላኩ። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ የተሳፈሩት በመንግሥት ዝግጅት እንጂ በደላላ ክፍያ አልነበረም። ደዋዩን የኢቃማ ቁጥሯን ጠይቁት፤ ካላወቀ ስልኩን ዝጉና የኢቃማ ቁጥሯን ይዛችሁ ቆንስላ ደውሉ። ቦሌ ስትደርስ መጀመሪያ ትመዘገባለች፤ የተመለሰችበትን ቀንና ሊሴ ፓሴውን ፎቶ አንሥታ ታስቀምጥ፤ ደመወዝ ሲጠየቅ ሥራው መቼ እንደተቋረጠ የሚያሳየው ማስረጃ እሱ ነው።