ሁለት ጣቢያ፣ አንድ ምሰሶ

የኤፍ ኤም ማሰራጫ ቴክኒሻን ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ስልክ መጣልኝ። ለማረፍ የሚመጡ አብራሪዎች ከማማው ጋር በሚነጋገሩበት 119.3 ሜጋ ኸርዝ ላይ ዘፈን እየገባባቸው ነው። ማማው ውስጥ ግን ምንም አይሰማም። ይሄ አያስገርምም፤ አውሮፕላኑ ከላይ ሆኖ ምሰሷችንን ፊት ለፊት ያየዋል፣ ማማውን ግን ኮረብታ ይጋርደዋል።

መጀመሪያ ያልኩት «የእኛ አይደለም» ነው። የምናሰራጨው በ107.9 ነው። ከ108 እስከ 118 የአውሮፕላን አቅጣጫ ጠቋሚዎች፣ ከዚያ በላይ እስከ 137 የአብራሪዎች ንግግር ነው። ትራንስሚተራችን ሲገጠም የተለካበት ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ ንጹህ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ አብራሪ ነው። «ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ሰው ያወራል» አለ። በዚያ ሰዓት እኛ ዘፈን ላይ ነበርን። ምሰሶውን የሚጋራን የ96.5 ጣቢያ ደግሞ ዜና ላይ ነበር። ሁለት ሞገዶች ሲደባለቁ፣ የአንዱ እጥፍ ላይ ሌላው ተቀንሶ የሚገኝ አዲስ ሞገድ ሊወለድ ይችላል። ወረቀት አወጣሁ። 107.9 በሁለት ሲባዛ 215.8። 96.5 ሲቀነስለት 119.3። ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤታችን ሞገድ በአንቴናችን ገብቶ፣ በኬብሉ ወርዶ፣ ትራንስሚተራችን የመጨረሻ ማጉያ ድረስ ይደርሳል። እዚያ ከእኛው ጋር ይደባለቃል። ከድብልቁ 119.3 ይወለድና በዚያው በመጣበት መንገድ ይወጣል። ሁለቱም ትራንስሚተሮች ለየብቻ ቢለኩ ጤነኛ ናቸው። ወረቀቴ ንጹህ የሆነው ጎረቤት ከመምጣቱ በፊት ስለተለካ ነው።

ልኬቱ ላይ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። ስፔክትረም አናላይዘሩ (በየትኛው ሞገድ ላይ ምን ያህል ሲግናል እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ) 119.3 ላይ ትልቅ ጫፍ አሳየኝ፤ አገኘሁት ብዬ ነበር። መግቢያው ላይ የ10 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ማዳከሚያ ስጨምር ግን ጫፉ በ30 ወረደ። ከውጭ የመጣ ሲግናል ቢሆን የሚወርደው በ10 ብቻ ነበር። የሚደባልቀው ራሱ መሣሪያው ኖሯል፤ ሁለቱ ጠንካራ ሞገዶች አጨናንቀውታል። ሁለቱን የሚያፍን ፊልተር ከፊቱ አስገብቼ ደገምኩት። የቀረው ጫፍ ትንሽ ነው፣ ግን በ10 ሳዳክመው በ10 ይወርዳል። እውነተኛው ይኸኛው ነው። እዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ይህን ሙከራ ሳትሠሩ በማንም ላይ ጣት አትቀስሩ።

ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ተነጋግረን፣ በረራ በሌለበት ሌሊት ማጥፋት ማብራት ጀመርን። እኛን ስናጠፋ ጠፋ። እነሱን ስናጠፋም ጠፋ። «ጥፋቱ የእናንተ ነው» መባባሉ እዚያው አለቀ።

መፍትሔው ትራንስሚተራችን መውጫ ላይ የካቪቲ ፊልተር፣ የራሳችንን ሞገድ ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያፍን የብረት ሣጥን፣ መግጠም ነበር። 96.5ም 119.3ም ከ107.9 እኩል 11.4 ሜጋ ኸርዝ ይርቃሉ፤ አንዱ ፊልተር የሚገባውንም የሚወጣውንም ያፍናል። ምሰሶው ላይ የዛጉ ብሎኖችንም ቀየርን። የዛገ መጋጠሚያ እንደ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዕቃ) እየሆነ ሞገድ ሊደባልቅ ይችላል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ንግግር ላይ ሲገባ ዘፈን ይሰማል፣ አብራሪው ይደውላል። አውሮፕላኑን ከማኮብኮቢያው መሐል መስመር ጋር የሚያስተካክለው መሣሪያ ግን ከ108.1 እስከ 111.95 ውስጥ ነው የሚሠራው። የ90ና የ150 ኸርዝ ድምፆችን እያወዳደረ መርፌ ያንቀሳቅሳል። እዚያ የሚገባ ሞገድ መርፌዋን ሊያዛባት ይችላል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፕላን መቀበያዎች ጠንካራ የኤፍ ኤም ሞገድን እንዲቋቋሙ ዓለም አቀፍ ደንብ ያስገድዳል። ልክ በራሱ ቻናል ላይ ለሚመጣ ድብልቅ ግን መቀበያው ምንም አያደርግም። ምንጩ ላይ ካልቆመ የትም አይቆምም።

በቅርቡ አንድ አዲስ ጣቢያ በ104.3 ምሰሶው ላይ ሊወጣ መጣ። አንቴናው ከመሰቀሉ በፊት ያንኑ ሒሳብ ሠራሁ፤ ከ215.8 ላይ 104.3 ሲቀነስ 111.5 ወጣ። የማረፊያ ቻናል ነው። ከ107.9 ያለው ርቀትም 3.6 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ያለን ፊልተር አይበቃም። ጠበቅ ያለ ፊልተር በሁለታችንም ላይ ተገጥሞ፣ ሌሊት ተለክቶ፣ ከዚያ ነው የመጀመሪያ ድምፃቸው አየር ላይ የዋለው።