የአስቤስቶስ ካንሰርና የካሳ ጥያቄ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ ቤተሰቦች

ሐኪሙ «ሜሶቴሊዮማ» (አስቤስቶስ የሚያመጣው ካንሰር) የሚለውን ስም ከጠራበት ቀን ጀምሮ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ መቁጠር ጀምሯል። ሰውየው አስቤስቶሱን (እሳት የሚቋቋም ቃጫማ ማዕድን) የተነፈሰው ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው እስኪገለጥ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይፈጃልና። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ግን ጊዜውን በጥቅሉ የሚያሰሉት አቧራው ከተተነፈሰበት ቀን ሳይሆን በሽታውና መንስኤው ከታወቀበት ወይም ሊታወቅ ይገባ ከነበረበት ነው። ስለዚህ «ይሄን ያህል ዘመን አልፎ ማን ይሰማናል» ብሎ መተው አያስፈልግም። «ኬሞው ይለቅና እናያለን» ማለት ደግሞ የባሰ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ላለው ወገናችን ነገሩ ይወሳሰባል፤ በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ይርጋ አለ። በዲሲ፣ ታማሚው በበሽታው ምክንያት ሥራ መሥራት ካቃተው ወይም መንስኤው አስቤስቶስ መሆኑን ካወቀ (ማወቅ ከነበረበት) ጊዜ አንስቶ፣ ከሁለቱ የኋለኛው ተይዞ፣ 1 ዓመት ብቻ ነው። በቨርጂኒያ ሐኪሙ ምርመራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነገረው ቀን 2 ዓመት፣ በሜሪላንድ በሽታውና መንስኤው ከታወቀበት ወይም ሊታወቅ ይገባ ከነበረበት 3 ዓመት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው አቧራውን የተነፈሰው ዲሲ ውስጥ ባለ ሕንፃ የቦይለር ክፍል ከሆነ፣ የሜሪላንዱን 3 ዓመት ተማምኖ መቀመጥ አደገኛ ነው። አጭሩን ይዞ መነሳት ይሻላል። ታማሚው ካረፈ ደግሞ የቤተሰቡ የሞት ካሳ ክስ የራሱ ሌላ ይርጋ አለው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ጥፋት ነው።

ከይርጋው ቀጥሎ የሚጣደፈው የሕክምና ማስረጃው ነው። ሜሶቴሊዮማ የሳንባ ካንሰር አይደለም፤ ሳንባን፣ የሆድ ዕቃን፣ አልፎ አልፎም ልብን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ካንሰር ነው። ሲጋራ አያመጣውም። አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰርም ያመጣል፤ እዚያ ላይ ግን ማጨስ አደጋውን በእጅጉ ያባብሰዋል፣ ተከሳሾችም ሙግታቸውን የሚያቆሙት በሲጋራው ላይ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ ልዩነት ነው። ለሜሶቴሊዮማ ምርመራውና ለምርቱ መጋለጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሳንባ ካንሰር ግን አብዛኞቹ የካሳ ፈንዶች (የከሰሩ አምራቾች ለታማሚዎች ካሳ ያስቀመጡት ገንዘብ) በሁለቱም ሳንባ ላይ አስቤስቶስ የተወው ጠባሳ እንዲታይና ለዓመታት የዘለቀ የሥራ ተጋላጭነት እንዲረጋገጥ ይፈልጋሉ።

ከሳንባ ዙሪያ የተቀዳ ፈሳሽ ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም። አንዱ የሜሶቴሊዮማ ዓይነት ሴሎቹን ወደ ፈሳሹ ብዙም አይለቅም፤ ከሳንባ ተነስቶ ወደ ሽፋኑ የተዛመተ ሌላ ካንሰርም በማይክሮስኮፕ ሊመስለው ይችላል። የሚያስፈልገው በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ከሽፋኑ ሥጋ ቆርጦ ማውጣት፣ ማለትም ባዮፕሲ ነው። በፓቶሎጂ ሪፖርቱ ላይ የቀለም ምርመራዎቹን ፈልጉ፦ ካልሬቲኒንና ደብሊውቲ-1 ፖዘቲቭ፣ ቲቲኤፍ-1ና ሲኢኤ ኔጌቲቭ መሆናቸው ምርመራውን ያጠናክራል። ሪፖርቱ «ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ የደረት ፓቶሎጂ ስፔሻሊስት ስላይዶቹን እንዲያይ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ሥጋው በሰም ተነክሮ «ብሎክ» ተብሎ ይቀመጣል። ላቦራቶሪዎች ብሎኩን 10 ዓመት እንዲያቆዩ የሙያ መስፈርት አለ፤ ነገር ግን ለጂን ምርመራ ደጋግመው ሲቆርጡት ሊያልቅ ይችላል። ለሆስፒታሉ ፓቶሎጂ ክፍል በጽሑፍ «ከመጨረሳችሁ በፊት አሳውቁን፣ የተወሰነ አስቀሩ» ብሎ መላክ ወጪው የፖስታ ብቻ ነው።

የሚከብደው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ባዮፕሲ ሳይደረግ ሰው ሲያርፍ ማስረጃው አስከሬኑ ውስጥ ነው ያለው። በእኛ ባህል ቀብር አይቆይም፣ ሬሳ መከፈትም አይወደድም፤ አስከሬኑን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ እድሩም ወዳጅ ዘመዱም ይሯሯጣል። አንዴ ከተላከና ከተቀበረ ግን የተረፈ ሥጋ የለም፤ ተከሳሽም «ሜሶቴሊዮማ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል። ቤተሰቡ በደረት ብቻ የተወሰነ የአስከሬን ምርመራ መፍቀድ ይችላል፤ ፊትና ጭንቅላት አይነካም። ንግግሩ ግን ታማሚው በሕይወት እያለ፣ ራሱ ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም በሰከነ ልቦና አይወስንም።

አሁን ወደ ሥራ ታሪኩ። ካሳ የሚከፈለው ለበሽታ ሳይሆን ለአንድ ኩባንያ ምርት ተጋልጦ ለታመመ ሰው ነው፤ ስለዚህ የትኛው ምርት፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉን ይወስናሉ። ቦይለር ክፍል የሠራ ሰው የቧንቧ መጠቅለያውን ያስታውስ ይሆናል፤ «ካይሎ» በብዛት የታወቀ ነበር። የብረት ምሰሶ ላይ የሚረጭ እሳት መከላከያ፣ 9 ኢንች በ9 ኢንች የሆነ የወለል ንጣፍ፣ የግድግዳ ቦርድ መገጣጠሚያ ላይ የሚቀባና ደርቆ በሸካራ ወረቀት የሚፈገፈግ ልስን፣ የፍሬን ሸራ፣ ጋስኬት (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ)፦ እነዚህ ሁሉ በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት («በእኛ» ካልተባለ እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) አስቤስቶስ ይዘው ይሸጡ ነበር። የፅዳት ሠራተኛም ሳይቀር፣ ወለሉን በማሽን ሲፈትግ ወይም የተራገፈ መጠቅለያ ሲጠርግ ይጋለጣል። የባሏን የሥራ ልብስ እያራገፈች ያጠበች ሚስትም እንዲሁ።

ማስረጃ ለማሰባሰብ መጀመሪያ ከሶሻል ሴኩሪቲ ዝርዝር የገቢ መግለጫ ይጠየቃል፤ ቅጹ ኤስኤስኤ-7050 ይባላል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘው መግለጫ አይጠቅምም፤ የየዓመቱን ድምር እንጂ የአሠሪዎቹን ስም አያሳይም። ዝርዝሩ ግን እያንዳንዱን አሠሪ በስምና በአድራሻ ያወጣዋል። በጥሬ ገንዘብ የተሠራ ሥራ እዚያ አይገኝም፤ ለዚያ አብሮ የሠራ ሰው ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። እነዚያ ሰዎችም ዕድሜያቸው ገፍቷልና ቶሎ መፈለግ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ለእኛ ሰው ልዩ ወጥመድ ነው። የአብዛኞቹ ፈንዶች ደንብ ተጋላጭነቱ ከታኅሣሥ 31፣ 1982 በፈረንጅ አቆጣጠር በፊት እንዲሆን ይጠይቃል። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 22፣ 1975 ነው። አንድ አባት «ሥራ የጀመርኩት በ75 ነው» ቢሉ፣ መስከረም ላይ ከሆነ ከገደቡ በፊት ገብተዋል፤ ጥር ላይ ከሆነ አልፈውታል። የሚያስተረጉመው ልጅ ዝም ብሎ «1975» ብሎ በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ደግሞ ሰውየው አሜሪካ ባልነበሩበት ዘመን ሥራ የጀመሩ ይመስላል፤ ከፓስፖርታቸው ጋር ሲጋጭም የቀረው ቃላቸው ሁሉ ይጠረጠራል። እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። የስም ነገርም አለ። ሚስት የባሏን ስም አትይዝም፣ ልጅ ያባቱን ስም እንጂ የአያቱን በመጨረሻ አይጽፍም፣ ስለዚህ ለአሜሪካ ጸሐፊ አራት የቤተሰብ አባላት አራት የማይዛመዱ ሰዎች ይመስላሉ። የጋብቻና የልደት ማስረጃ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ለተጋላጭነት የተቆረጠው ቀን ብዙ ሰው ያስቀራል፤ ይሄ መደበቅ የለበትም። በ1990ዎቹ መጥቶ የድሮ ሕንፃ ሲያድስ የተጋለጠ ሰው ከፈንዶቹ ብዙም አይጠብቅ። የእሱ መንገድ ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ አምራቾችን፣ የሕንፃ ባለቤቶችንና ተቋራጮችን በፍርድ ቤት መክሰስ፣ ከቀጣሪው ደግሞ የሠራተኛ ካሳ መጠየቅ ነው። ቀጣሪን ራሱን በፍርድ ቤት መክሰስ በአብዛኛው አይቻልም፤ ሕጉ ወደ ሠራተኛ ካሳው ይመራዋል። ተጋላጭነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበረ ብዙዎቹ ፈንዶች ጥያቄውን በፈጣኑ መንገድ አያዩትም፤ በተናጠል መርምረው የሚወስኑት፣ ረጅምና አድካሚ መንገድ ነው። ለክሱም ሆነ ለፈንዱ ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ መስፈርት አይደለም።

ፈንዶቹ ከየት መጡ? በ1973 ቦሬል የተባለ ሠራተኛ በከሰሰበት ጉዳይ የአሜሪካ አምስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አምራቾች ሠራተኞችን የማስጠንቀቅ ግዴታ እንደነበረባቸው ወሰነ፤ ክሱ ጎረፈ። ትልቁ አምራች ጆንስ ማንቪል በነሐሴ 1982 ኪሳራ አወጀ። የእሱን መንገድ በርካቶች ተከተሉ፣ በ1994 ኮንግረስ የከሰሩት ኩባንያዎች ለታማሚዎች ካሳ የሚሆን ገንዘብ የሚያስቀምጡበትን ድንጋጌ በኪሳራ ሕጉ ላይ ጨመረ፣ ዛሬ ከ60 በላይ «ትረስት» የሚባሉ ፈንዶች አሉ። አንድ ሰው ለበርካታ ኩባንያዎች ምርት ከተጋለጠ ለእያንዳንዱ ትረስት ለየብቻ ማመልከት ይችላል። አንዳንዶቹ የተረጋገጡ የሥራ ቦታዎች ዝርዝር አላቸው፤ የሠራበት ፋብሪካ ወይም የመርከብ ግንባታ ቦታ በዝርዝሩ ካለ የምርት ማስረጃው ሸክም ይቀላል።

በማስታወቂያ የሚነገረው ገንዘብና በእጅ የሚገባው ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እያንዳንዱ ትረስት ለበሽታው የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ የሚከፍለው ግን ከዚያ ላይ የተወሰነ በመቶ ነው። የማንቪል ትረስት መጀመሪያ ሙሉውን ይከፍል ነበር፣ በ1995 ወደ 10 በመቶ፣ በ2001 ወደ 5 በመቶ አወረደው፤ ከዚያ ወዲህም ከፍና ዝቅ ብሏል። ለሜሶቴሊዮማ የቆረጠው ዋጋ 350,000 ዶላር ነው፤ በኋላ በተሠራበት በ5.1 በመቶ ሲሰላ 17,850 ዶላር ይሆናል። ይህ ትረስት የጠበቃን ድርሻ በ25 በመቶ ይገድባል፤ እሱ ሲነሳ ለቤተሰቡ 13,387 ዶላር ግድም ይቀራል፣ ሌላ ወጪ ሳይታሰብ። በፍርድ ቤት ክስ የጠበቃው ድርሻ ብዙ ጊዜ ከሲሶ እስከ 40 በመቶ ነው። ውሉን ስትፈርሙ ድርሻው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ይሁን ከተቀነሰ በኋላ ጠይቁ፤ ጉዳዩን ራሱ ይሟገታል ወይስ ለሌላ ቢሮ ያስተላልፋል የሚለውንም። ቴሌቪዥን ላይ የሚጮኸው ሁሉ የሕግ ቢሮ አይደለም፤ የታማሚ ስም ሰብስቦ የሚሸጥም አለ።

ጠበቃው «ለፈንዱ ስትሉ አንድ፣ ለፍርድ ቤት ስትሉ ሌላ» የሚያስብል ከሆነ ሽሹት። በ2014 ጋርሎክ በተባለው የጋስኬት አምራች የኪሳራ ጉዳይ ዳኛው ሆጅስ ከሳሾች ለሌሎች ምርቶች መጋለጣቸውን ደብቀው እንደነበር አገኙ፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጠየቀበትን ዕዳ 125 ሚሊዮን ብለው ገመቱት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍለ ሀገሮች የትረስት ማመልከቻዎች ለተከሳሽ እንዲገለጡ በሕግ ያስገድዳሉ። ሌላው ወጥመድ የሳንባ ሽፋን ጠባሳ ብቻ ተገኝቶ በትንሽ ገንዘብ ሲታረቁ «ወደፊት ለሚመጣ ካንሰርም አልጠይቅም» የሚል አንቀጽ ላይ መፈረም ነው። አንቀጹ ካልወጣ አትፈርሙ።

ታማሚው ከችሎቱ በፊት በመሐላ ቃሉን የሚሰጥበት ዲፖዚሽን በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ሰውየው ካረፈ በኋላ ዳኞች የሚያዩት እሱን ነው። አማርኛ የሚቀለው ሰው በአማርኛ ይመስክር፣ አስተርጓሚውም ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ ሳይሆን ባለሙያ ይሁን። በአክብሮት «እሺ» ማለትና አንገት መነቅነቅ እዚህ ይጎዳል፤ «እየሰማሁ ነው» ለማለት የተነገረው «እሺ» በመዝገቡ ላይ «አዎ፣ ትክክል ነው» ሆኖ ይገባል። የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ማለት ነውር የለውም፤ ለተጠቀሰው ምርት ሁሉ «አዎ ነበረ» ማለት ግን ጉዳዩን ይገድለዋል።

ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ ማመልከት ይቻላል፤ ሜሶቴሊዮማ በተፋጠነ መንገድ ከሚታዩት በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሲመጣ ደግሞ ሜዲኬር ለሕክምናው ያወጣውን መልሶ ይጠይቃል፤ ተጋላጭነቱ ሙሉ በሙሉ ከታኅሣሥ 5፣ 1980 በፈረንጅ አቆጣጠር በፊት ያበቃ ከሆነ ግን ይተወዋል። ለሕመም የተከፈለ ካሳ የፌዴራል ግብር የለበትም፤ ወለድና የቅጣት ካሳ ግን አለባቸው። ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ኤስኤስአይና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጡት የመንግሥት ድጎማና የሕክምና ሽፋን) ላይ ያሉ አረጋውያን ጉዳይ ነው። የኤስኤስአይ የንብረት ጣሪያ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር ነው፤ የትረስቱ ቼክ በአካውንታቸው ገብቶ ከቆየ ክፍያው ይቆማል፣ የሜዲኬይድ ሽፋናቸውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡን የሚይዝ ልዩ የአደራ ሒሳብ አለ፤ በግል የሚከፈተው ግን ከ65 ዓመት በታች ለሆነ አካል ጉዳተኛ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሆኑት መፍትሔው እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል፤ ስለዚህ ይህን የሚያውቅ ሌላ ጠበቃ ቼኩ ከመጻፉ በፊት ይጠየቅ።