ጡረታናፈቀኝ@11

ይኸው ሦስት ቀኔ፤ ጋደም ስል ያቺ የተደበቀ የይለፍ ቃል የምትገልጥ የዓይን ምልክት ትታየኛለች።

መሥሪያ ቤታችን በየ90 ቀኑ የይለፍ ቃል ያስቀይራል። ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት ይኑረው ይላል። የኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ ትልቅ ትንሽ ሳይባባል ነው የኖረው። በአማርኛ አስቤ በላቲን መጻፌ አንሶ የትኛው ሆሄ አለቃ እንደሚሆን ልሹምለት?

ብቻ ሰኞ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ አስገባኝ፣ ሰርቨር ላይ ያለው የጋራ ፎልደር ግን እምቢ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አካውንቴ ተቆለፈ። አስከፈትኩ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንደገና ተቆልፏል። በሦስተኛው የአይቲዋ ልጅ ከፍታልኝ ራሷ መጣች። የወር መዝጊያ ስለነበር ሥራ አስኪያጁም ከኋላዬ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ዊንዶውስ የድሮውን ይዞ ሰርቨሩን እያንኳኳ ነው፤ ሰርቨሩ ሌባ መስሎት ይቆልፍብዎታል። እስቲ የተቀመጠውን ይክፈቱልኝ።»

ይቺን ለኔ! ክሮምን ከፈትኩ፣ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ዝርዝር አወጣሁ። ማንነቴን ጠየቀኝ፤ በኩራት መለስኩለት። ዓይኗን ጠቅ።

ጡረታናፈቀኝ@11

ቢሮው ጸጥ።

«እሱ የክሮም ነው ጋሼ፣ ለድረ ገጽ ነው» አለች ልጅቷ፣ ሳቋን እየዋጠች። «እኔ ያልኩት ዊንዶውስ ራሱ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥበትን፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያለውን ክሬደንሻል ማናጀር ነው።» ከፈተችው፣ የሰርቨሩን ስም አገኘች፣ አጠፋችው፣ አለቀ። የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? እሱኛው የሰርቨሩን የይለፍ ቃል በነጠብጣብ ሸፍኖ ነው የሚያስቀምጠው፤ የምትጫን ዓይን የለችውም! ትክክለኛውን ብከፍት ኖሮ ገመናዬ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ካልኩሌተሬን አነሱ። የደሞዝ ጭማሪ ሲነሳ ካልኩሌተር ነክተው የማያውቁ ሰውዬ!

«11 ሲባዛ በ90… 990 ቀን። ሲካፈል ለ30… ድፍን 33 ወር! ይህን ያህል ናፍቆዎታል?»

«ጳጉሜን አልቆጠሩም» አልኩ። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አልገባኝም። የሂሳብ ሰው ነኝ፣ አመለጠኝ።

ዛሬ ጠዋት ጥበቃው በር ላይ ፈትሾኝ ሲያበቃ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ 12 ገባ አሉ?» አለኝ።

የሰኞው በእርግጥም 12 ነበር። አሁን ሌላ ልቀይር ቁጭ ብያለሁ።