3 ነጥብ ምናምን

«የመበየጃ ካውያህ ነው ቦርዱን የገደለው» ተብሎ ነው እኛ ጋ የመጣው። ዕቃው የ2001ዱ ጌም ቦይ አድቫንስ፣ የኒንቴንዶ የእጅ ጌም መጫወቻ ነው፤ አግድም የሚያዘው፣ ስክሪኑ የራሱ ላይት የሌለው። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከውጭ ከመጣ ሰው አሮጌውን ገዝቶ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የድሮውን ስክሪን አውጥቶ ላይት ያለው አይፒኤስ የሚባለውን አዲስ ስክሪን ገጥሞለታል። ከዚያ በኋላ ጌሙ ይነሳል፣ ትንሽ ይጫወታል፣ ድንገት ጠፍቶ ራሱን እንደገና ያስነሳል። አንድ ጥገና ቤት ወሰደው፤ ከፍተው አዩና «አይሲው ሄዷል፣ ሌላ ቦርድ ፈልግ» ብለው መለሱት፤ አይሲ ቦርዱ ላይ የተበየደው ቺፕ ነው። ሌላ ቦርድ ማለት ሌላ ጌም ቦይ ማለት ነው፤ ቦርዱ ለብቻው እዚህ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ስንከፍተው ያየነው ሥራ ግን ንጹሕ ነው። ጀርባው ላይ ካሉት ባለ ሦስት ክንፍ ብሎኖች አንዱም አልተላጠም፤ ትክክለኛውን ካቻቢቴ ፈልጎ አግኝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አሹሎ ይሞክርና የብሎኑን አፍ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ መሰርሰር ነው። የባትሪ ድንጋዩ ቤት ውስጥ ያለችውንም መስቀለኛ ብሎን አልረሳትም፤ እሷን ሳይፈቱ ቀፎውን የሚጎትቱት ናቸው ፕላስቲኩን የሚሰነጥቁት። አይፒኤሱ ከድሮው ስክሪን ስለሚተልቅ የፊት ቀፎው ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ጠርዝ መቁረጥ ግድ ነው፤ እሱንም ጥቂት በጥቂት እየላጠ ነው የቆረጠው፣ ስክሪኑ ሳይጨነቅ ተቀምጧል። የላይቱን መጠን በቁልፍ ለመቀየር የሚበየዱት ሦስቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ቦታቸውን ይዘዋል (ቲፒ ቦርዱ ላይ ያለ የመለኪያ ነጥብ ነው)፦ ቲፒ2 ለሴሌክት፣ ቲፒ8 ለቀኝ ትከሻ፣ ቲፒ9 ለግራ ትከሻ። ስታኞው (የሚቀልጠው መበየጃ) ያበራል፣ ወደ ጎረቤት ነጥብ አልፈሰሰም። የፍሌክሱ (የስክሪኑ ጠፍጣፋ ማገናኛ) ጀርባ ቦርዱን ነክቶ ሾርት እንዳያደርግ ሙቀት የሚችል ቴፕ ለጥፎበታል። ይህንን ሁሉ በትክክል የሠራ ሰው «አንተ ነህ ያቃጠልከው» መባሉ አሁንም ያንገበግበኛል። ማንም ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ሳያነሳ ነው የተባለው።

ቦርዱ እንዳልሞተ ለማወቅ መክፈትም አያስፈልግም ነበር። ጌም ቦይ አድቫንስ ሲነሳ መጀመሪያ ካሴቱ ውስጥ ያለውን አርማ አንብቦ ራሱ ውስጥ ካለው ጋር ያመሳክራል፤ ካልተስማማ እዚያው ይቆማል፣ ጌሙን አይጀምርም። የልጁ ዕቃ አርማውን አልፎ ጌም ይጀምራል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ቁልፍ ይቀበላል። ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም የካሴት መስመሩም እየሠሩ ነው። ቀሪው ጥያቄ ለምን ኃይል ያንሰዋል የሚለው ነው።

ልጁን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። ላይቱን ዝቅ ስታደርገው ምን ይሆናል? «ዝቅተኛው ላይ ሳደርገው ብዙ ይቆያል፤ ከፍ ሳደርገው ወዲያው ይጠፋል።» ፓወር መብራቷስ? «ከመጥፋቱ በፊት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ትቀየራለች፤ ድንጋዩ አዲስ ሆኖም።» ይህንን መልስ ይዞ አይሲ የሚቀይር ሰው ሊኖር አይገባም። መብራቷ ቀይ የምትሆነው ወደ ቦርዱ የሚደርሰው ቮልቴጅ ሲወርድ ነው። ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ ሞባይል ላይ እጁ የተፈታ ሰው ነው፣ ፈጣን ነው። እኔ ከልጁ ጋር ሳወራ ቦርዱን ወስዶ ከሱቁ አዲስ አልካላይን ድንጋይ ሰክቶ መለካት ጀምሯል።

«ስንት አለ?» አልኩት።

«ድንጋዩ ላይ 3.1።»

«ከማብሪያው ወዲያስ?»

«3 ነጥብ ምናምን። ያው ነው። ማብሪያው ያሳልፋል፤ ፓወር አይሲው ነው በቃ።»

«ምናምኑ ስንት ነው?»

«ምን ያደርግልሃል? 3 ነው አልኩህ እኮ።»

«ስክሪኑ የታለ?»

«ነቅዬዋለሁ፣ እንዳይረብሸኝ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አይፒኤሱ ከተነቀለ ቦርዱ የሚስበው ካረንት ጥቂት ነው። የቆሸሸ ማብሪያ ቮልት የሚበላው በሚያልፍበት ካረንት ልክ ነው፤ የመገናኛው ሬዚስታንስ 2.5 ኦም ቢሆን፣ 40 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት 0.1 ቮልት ይቀራል፣ 240 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት 0.6 ቮልት። የመጀመሪያውን «ያው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ዕቃውን ያጠፋዋል። ባልደረባዬ ለመለካት እንዲመቸው የነቀለው ነገር በሽታውን የሚያሳየው ነገር ነበር። ያቺ ያልተነበበችው ምናምን ደግሞ 3.0 ነበረች፤ ከ3.1 ላይ 0.1 የጎደለባት።

ስክሪኑን መልሰን ሰካነው፣ ካሴት አስገባን፣ ላይቱን እስከ መጨረሻ አወጣነው። አሁን ቴስተሩን ከመሬት (ከቦርዱ ኔጌቲቭ መስመር) ሳይሆን ከማብሪያው ግራና ቀኝ ነው የምታስቀምጠው፤ አንዱ ጫፍ መግቢያው እግር ላይ፣ ሌላው መውጫው ላይ፣ ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ። እንዲህ ሲለካ የሚነበበው ማብሪያው ብቻውን የሚበላው ነው። ደህና ማብሪያ ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው የሚያሳየው። የዚህኛው 0.6 ቮልት አሳየ። የማብሪያዋን ምላስ በጣት ጫፍ ነካ ሲያደርጓት 0.3 ይላል፣ 0.9 ይላል፣ ከዚያ ጠፋ። ድንጋዩ ራሱ ሎድ (ካረንት የሚስብ ዕቃ) ሲሸከም ወደ 2.9 ወርዶ ነበር፤ ቦርዱ የሚደርሰው 2.3 ነው ማለት ነው።

ቀስ እያለ ከመፍዘዝ ይልቅ ድንገት የሚጠፋበትም ምክንያት አለው። ቦርዱ ላይ የድንጋዩን ቮልት ወደሚፈልገው ከፍ የሚያደርግ ኮንቨርተር አለ። የሚገባው ቮልት ሲቀንስበት የሚያወጣውን ላለማጓደል ተጨማሪ ካረንት ይስባል። ካረንቱ ሲጨምር ማብሪያው ላይ የሚቀረው ቮልት ይጨምራል፤ ያ ደግሞ ኮንቨርተሩን ይበልጥ ያስርበዋል። ጥቂት ሲወርድ ደህና የነበረው ዕቃ አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከዚያ ሎዱ ስለሚቀንስ ቮልቱ ይመለሳል፣ ዕቃው እንደ አዲስ ይነሳል። የድሮው ስክሪን ላይት ስላልነበረው ያው ማብሪያ ለዓመታት ችግሩን ሳያሳይ ኖሯል። የልጁ ጥፋት ቢባል አዲስ ስክሪን መግጠሙ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከርን። ድንጋዩ ወጥቶ፣ ቦርዱ ከቀፎው ተነጥሎ፣ በማብሪያው ስንጥቅ አይሶፕሮፒል አልኮል ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል ተደርጎበት፣ ምላሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃምሳ ጊዜ ያህል ተመላለሰች፤ ደርቆ ተለካ። 0.6 የነበረው 0.2 ሆነ። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። አልኮሉ 99 ፐርሰንት ቢሆን ይመረጣል፤ የፋርማሲው 70 ፐርሰንት ውሃ ስላለው ቆይቶ መድረቅ አለበት። የእጅ ማጽጃ ጄል ፈጽሞ አይሆንም፣ ግሊሰሪኑ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይትም የሚነፉበት አሉ፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ ይብሳል።

0.2 ለእኛ ስላልበቃን ማብሪያው ተነቀለ። እዚህ ላይ ነው ቦርድ የሚሞተው። የማብሪያውን የብረት ቀፎ የሚይዙት ትላልቅ እግሮች ከመሬቱ መዳብ ጋር ስለተያያዙ ሙቀት ይጠጣሉ። አሮጌው ስታኞ ላይ መጀመሪያ አዲስ ስታኞ ጨምሮበት፣ ካውያውን 350 ዲግሪ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ በመዳብ ጥልፍ መምጠጥ ነው። ሳይቀልጥ የጎተተው ሰው መስመሩን ከቦርዱ ላይ ይልጠዋል። ከወጣ በኋላ ቀፎውን የያዙት የታጠፉ ጥርሶች አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ይቃናሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፉ ይሰበራሉ። ሲከፈት ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ብረቶች ሊዘሉ ስለሚችሉ ነጭ ጨርቅ ላይ ነው የሚከፈተው፣ ከመነካቱም በፊት ፎቶ ይነሳል።

ውስጡ ያለው መገናኛ ከሰል መስሎ ጠቁሯል፤ ምላሷ የምትመላለስበት ቦታ ላይ ብቻ ቀጭን የብር መስመር ትታያለች። በአልኮል ጥጥ፣ ቀጥሎ በላጲስ፣ እንደገና በአልኮል ጸዳ። ብርጭቆ ወረቀት አልነካውም፤ ሽፋኑን አንስቶ ጥሬውን ብረት ያወጣዋል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል። ተመልሶ ሲበየድ 15 ሚሊ ቮልት አነበበ። ላይቱ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ድምፁ ተከፍቶ፣ ምላሷ እየተነካካች መብራቷ አረንጓዴ ሆና ቀረች። ልጁ ቴስተሩን ራሱ ይዞ እንዲያነብ አደረግሁት፤ ቦርዱን እሱ እንዳልገደለው በዓይኑ ማየት ነበረበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። «እንደገና ይጠፋል።»

ባልደረባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ «አይሲው ነው ብዬ ነበር» አለ።

ማብሪያው ተለካ፤ ያው 15 ሚሊ ቮልት። ድንጋዩ ላይ ሲለካ፣ ዕቃው ጠፍቶ ሳለ 3.2፣ ሲበራ 2.2። ልጁ ከሰፈር ሱቅ ርካሹን የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ነው የገዛው። ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ጥሩ ነው፤ ለአይፒኤስ አይሆንም፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ካረንት ሲጠየቅ ይወድቃል። ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ሰካንበት። ሁለቱ አንድ ላይ 2.4 ቮልት ተብለው የሚሸጡ ናቸው፣ ከርካሹ በቁጥር ያንሳሉ፤ ግን ሎድ ላይ ስላልወረዱ ዕቃው ሙሉ ላይት ላይ ቆሞ ዋለ።

ልጁ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስታወሰ። «እነዚያም መጀመሪያ ድንጋይ ቀይር ብለውኝ ነበር፤ ቀይሬ ስላልሠራ ነው ቦርድ ያሉኝ።» የቀየረው ያንኑ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ያ ጥገና ቤት ግማሽ ትክክል ነበረ፣ ይህን መካድ አይገባም። የትኛውን ድንጋይ ብሎ ቢነግረው፣ አንድ ጊዜም ሎድ ላይ ቢለካ ኖሮ ግን ካውያው ላይ ባልፈረደ።

ድንጋይ ከተነሳ አይቀር፣ ዕቃው ውስጥ የፈሰሰን ድንጋይ ስለማጽዳት። ሁሉም ሰው አቼቶ ይላል። አቼቶ የሚሠራው ለአልካላይን ነው፤ የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቤዝ ስለሆነ አሲዱ ይሽረዋል። የዚንክ ካርቦኑ ፈሳሽ ግን ራሱ አሲዳማ ነው፤ ለእሱ በትንሽ ውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚሻለው። በሁለቱም መጨረሻ ላይ በአልኮል መጥረግና ማድረቅ አይቀርም፤ አቼቶ የቀረበት ጠፍጣፋ ብረት ይዝጋል።

ባልደረባዬ እስካሁን በአንድ ነገር ይሞግተኛል፤ ማብሪያው መጽዳት ሳይሆን መቀየር ነበረበት ይላል። በዚህ እሱ ልክ ነው። ሽፋኑ ያለቀ መገናኛ መጥቆሩ አይቀርም። ልጁ ከውጭ በሚመጣ ሰው አዲስ ማብሪያ እንዲያስመጣ ነግሬዋለሁ፤ ሲደርሰው ቤቱ ራሱ ይቀይረው። መጀመሪያ ትላልቆቹን እግሮች ስታኞ ጨምሮ ያላቅቅ፣ አዲሱን ሲያስቀምጥ ከአንድ ትልቅ እግር ጀምሮ ቀጥ ማለቱን አይቶ ሌሎቹን ይበይድ፣ ቀፎውን ከመዝጋቱ በፊት ስክሪኑን ሰክቶ፣ ላይቱን ጫፍ አድርሶ፣ ቴስተሩን ከማብሪያው ግራና ቀኝ ያስቀምጥ። ከ20 ሚሊ ቮልት በታች ካነበበ ይዝጋው።