ጸድቋል፤ ሆኖም

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ካቻምና ደንባችንን አሻሽለን ለማስጸደቅ ወደ አንድ ቢሮ ላክን። መልሱን ፒያሳ አንዲት ቡና ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። «ደንቡ ጸድቋል፤ ሆኖም አንቀጽ 6 ለጊዜው ተግባራዊ አይሆንም» ይላል። ማህተሙ «ሆኖም» ላይ አርፎ ቃሏን ግማሽ አድርጓታል። አንቀጽ 6 ድንኳንና ወንበራችንን ለሠርግ እናከራይ የምትል ናት። ደንቡን ያሻሻልነው ለእሷው ብለን ነበር!

ሰሞኑን ስለ በርሊን ሳነብ ይህችው «ሆኖም» መጣችብኝ። (የበርሊኑ ዘመን በፈረንጅ ነው።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋን አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ለአራት ተካፈሏት። የአራቱ አዛዦች ሸንጎ ኮማንዳቱራ ይባላል። በ1946 ሕዝቡ ምክር ቤቱን መረጠ። ከንቲባ ግን አራቱም ካልተስማሙ አይሾምም። በ1947 ምክር ቤቱ ኤርንስት ሮይተርን ሲመርጥ ሶቪየት እምቢ አለ። ሰውየው ድሮ ኮሚኒስት ነበር፣ ትቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ቂም ደግሞ ቶሎ አይሽርም። ሮይተር ተመርጦ ወንበሩን ሳያገኝ ቀረ፤ ከተማዋን ሉዊዝ ሽሮደር በተጠባባቂነት መራች።

ይሁን፣ ያ የባላንጣ ሥራ ነው። እኔን የገረመኝ የ1950ው ነው። ያኔ ሶቪየት ሸንጎውን ረግጦ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የቀሩት ወዳጆች ናቸው። የምዕራብ በርሊን ሰዎች በሕገ መንግሥታቸው «በርሊን ከፌዴራል ጀርመን ክልሎች አንዷ ናት» አሉ። ሦስቱ ወዳጆች በኦገስት መለሱ፦ ጸድቋል፤ ሆኖም ያቺ አንቀጽ ትታገድ። ምክንያትም አላቸው። በርሊን ላይ የቆሙት በአሸናፊነት መብት ነው። ከተማዋን ለቦን፣ ማለትም ለምዕራብ ጀርመን መንግሥት፣ ቢያስረክቡ ሶቪየት «ታዲያ እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ የተነሳ የበርሊን ተወካዮች ቦን ፓርላማ ይገባሉ፣ ይናገራሉ፤ ሙሉ ድምፅ ግን የላቸውም። እስከ 1990 ድረስ!

እኛም ቀምሰናታል። ጎንደር ከጣሊያን እጅ የወጣችው በመጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ሁለት ወር ቆይቶ እንግሊዝ በፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ ነፃ ናት አለ። ሆኖም የእንግሊዙ መልእክተኛ ከሌላው አገር ወኪል ሁሉ ይቀድማል፤ ኦጋዴንም በእንግሊዝ ጦር እጅ ይቆያል።

ደብዳቤውን ለእድሩ ሳነብ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ለጊዜው ያሉት የማንን ጊዜ ነው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጥያቄያቸውን እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።

ባለፈው እሑድ አንድ የሙሽራ አባት ድንኳን ሊከራይ መጣ። አይቻልም አልነው። ከጎረቤት እድር ተከራየ። የእነሱ ደንብ ገና አልጸደቀም።